ያልተከተበው ውሻ

ሽማግሌው ዋሲሊ በእንፋሎት ቤቱ ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ውሻቸው በሩ ሥር ተዘርሯል። ሁለቱም ሞተዋል። የመንደሩ ፖሊስ አግራፊና ጎንበስ ብላ የሟቹን ፊት አየች፤ ጉንጫቸው በረዶ ላይ ሲጫወት የዋለ ልጅ ጉንጭ መስሎ ቀልቷል።

ውጭ ሰዉ ይንጫጫል። «ጠዋት በመርፌ ወጓቸው፣ ከሰዓት ሞቱ! ሌላ ምን ምርመራ ያሻል?»

ነርስ ዳርሊን በትንሿ አውሮፕላን የመጣችው ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉንም ለመከተብ ነበር። የማጅራት ገትር ጀርም በጤነኛ ሰው አፍንጫ ተደብቆ ከቤት ቤት ስለሚዞር፣ ሁሉም ካልተከተበ ማደሪያ አያጣም። ባለፈው ክረምት ሁለት ሕፃናት ተቀብረዋል፤ አንዷ የአግራፊና የእህት ልጅ ነበረች። አሁን ግማሹ መንደር አልከተብም ብሏል።

አብራሪው እየተንቆራጠጠ «ጉሙ ሳይዘጋኝ ልነሳ ነው፤ ክትባቱም አብሮኝ ይመለሳል» አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሱ ግን ለማደር አልመጣም።

አግራፊና ወደ ምድጃው ዞረች። እንጨቱ ግማሹ ብቻ ነድዶ ጠፍቷል። ባልዲው ሙሉ፣ በጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ የሚረጭበት ጭልፋም ደረቅ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው የጢስ ማውጫ ግን ከውጭ ተከድኖ፣ ዳር ዳሩ በሣር ተወትፏል።

«ከመርፌው በኋላ እንዴት ነበሩ?» አለቻት ነርሷን።

«እየቀለዱ ነበር። እጅሽ ለስላሳ ነው፣ ድገሚኝ አሉኝ።» ዳርሊን እንባዋን ጠረገች።

«ወደ እንፋሎት ቤቱ መጥተሽ ነበር?»

«ይሄ ነው እንዴ? የዓሣ ማድረቂያ መስሎኝ!»

የሟቹ ጎረቤት ማክሲም ደረቅ ዓሣ ያኝካሉ፤ አይውጡትም።

«አባባ ማክሲም፣ ዛሬ አብረዋቸው ለምን አልገቡም?»

«ሙቀት በመቻል ረታሁህ እያለ ሲኩራራብኝ ከረመ! ብቻውን ይቀቀል ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ።»

«ክዳኑንስ ማን ገጠመው?»

«ሳያንኳኳ ማን ይገጥማል? እንጨቱ ፍም ሲሆን በጭልፋው ግድግዳውን ይመታል፤ ያኔ ውጭ ያለው ይከድናል። ኩራቱ በርዶለት ቢጠራኝ ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። አላንኳኳም።»

የሟቹ ልጅ ያኮ ጨቅላ ሴት ልጁን ካፖርቱ ውስጥ አቅፏል። አግራፊና ከኋላው ጠራችው፤ አልዞረም። ጆሮውን በልጅነቱ ያው ማጅራት ገትር ወስዶበታል። ትከሻውን ነካችው።

«የት ነበርክ?»

ከንፈሯን አየ። «ቤት። ክትባቱ ነው የገደለው። ልጄን አላስወጋም!» ዓይኑ ግን ወደ ጣሪያው ሸሸ።

አግራፊና ሁሉንም እዚያው በረዶው ላይ ሰበሰበች፤ ያኮ እንዲያያትም ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሽማግሌውን ክትባት ከገደላቸው፣ ውሻውን ማን ከተበው?»

አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ።

«የገደላቸው የታፈነ እሳት ጋዝ ነው። ፊታቸው የቀላው ለዚህ ነው። እንጨቱ ሳያልቅ ማውጫው ተከደነ፤ ገና ውሃ እንኳ አልጨለፉም። ሊገድል የመጣ ሰው በሩን ይቀረቅር ነበር፤ በሩ ግን አልተቀረቀረም። ሣሩ የተወተፈው ሙቀት እንዳያመልጥ ነው። ይሄ የሚሳሳላቸው ሰው እጅ ነው። ነርሷ ቤቱን እንኳ አታውቀውም። አባባ ማክሲም ሳይንኳኳ አይከድኑም። ማንኳኳቱን ሰምቶ ሳይሆን ጢሱን አይቶ የሚከድን አንድ ሰው ብቻ አለ። ዛሬ ደግሞ ነፋሱ ጢሱን ከበረዶው ቀላቅሎት ነበር።»

ያኮ በጉልበቱ ወደቀ። «እንጨቱ ነድዶ ያለቀ መሰለኝ፣ አግራፊና! መርፌው ክንዱን አሞት ይሆናል፣ ይሙቀው ብዬ ነው። አባቴን ገደልኩ ብዬ እንዴት ልናገር?»

ሽማግሌው ማክሲም መጥተው አጠገቡ ተንበረከኩ። ከንፈራቸውን እንዲያይ አገጩን ቀና አድርገው «እኔ ባልኮራ እኔ እከድነው ነበር» አሉት።

የአውሮፕላኑ ሞተር ተነሳ።

«ጆሮህን የወሰደው ጀርም ዛሬም በአንዳችን አፍንጫ ውስጥ ነው» አለችው አግራፊና።

ያኮ ተነሳ። በሰዉ መሃል አልፎ፣ ካፖርቱን ከፍቶ የልጁን ጭን ለነርሷ ሰጠ። መርፌው ገባ። የሕፃኗን ፊት አይቶ ወደ አግራፊና ዞረ።

«ጮኸች?»

«መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ።»

ማክሲም እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ከኋላው ተሰለፉ፤ ሌላውም ተከተለ። አብራሪው እየተነጫነጨ ሞተሩን አጠፋ።