ያለ ኮድ የጠራው ስልክ

ልጅቷ ለሥራ እንደወጣች ቀረች። የምትሠራበት ክሊኒክ አልገባችም። አንድ እግር ጫማዋ ብቻ ከመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ተገኘ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ፊት እንደተቀመጠች የቤቱ የመስመር ስልክ ጮኸ። በጨርቅ የታፈነ የወንድ ድምፅ ልጅሽ ጠረፍ ከተማ ናት አላት። የቤቱን ካርታ ካላስረከብሽ ሬሳዋንም አታገኚው፤ ስትወስኚ ደውዪ ብሎ ቁጥር ነገራትና ዘጋው።

መቀሷን ጥላ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች።

ፖሊስ መጀመሪያ የያዘው የልጅቷን እጮኛ ነበር። ሹፌር ነው፤ ወደ ጠረፍ ይመላለሳል። የጠቆመውም የእናትየው ሟች ባል ወንድም ነው። ወሬውን ሰምቶ ከች ካለ ወዲህ ወጣ ገባ እያለ ያጽናናታል፤ ነፍስ ይቅደም፣ ካርታውን እኔ ላድርስልሽ ይላታል። ሹፌሩ ግን ልጅቷ የጠፋች ዕለት ጋራዥ መዋሉን መካኒኮቹ መሰከሩለት።

መርማሪዋ እናትየውን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«በሰጠዎት ቁጥር ደውለው ነበር?»

«ደወልኩ። ድምፅዋን አሰማኝ ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ።»

«የጠረፉን ከተማ ኮድ አስቀድመው ነው የመቱት?»

«የምን ኮድ፣ ልጄ? የነገረኝን ብቻ ነው የመታሁት።»

መርማሪዋ ብድግ አለች። ሌላ ከተማ ለመደወል መጀመሪያ ዜሮ፣ ቀጥሎ የከተማው ኮድ ይመታል፤ ቁጥሩ ብቻውን ከተመታ ጥሪው ከከተማው አይወጣም።

«ልጅዎ እዚሁ ናት» አለቻት።

እናትየው ይበልጥ ፈራች። ጠረፍ ሩቅ ነው፤ እዚህ ያለ ሰው ግን በሯን ያውቃል፣ ስትገባ ስትወጣ ያያታል።

የስልክ መሥሪያ ቤቱ ቁጥሩን አጣራ። የተዘጋ የጣውላ መጋዘን ነው። ባለቤቱ የባሏ ወንድም።

በሩን ሰብረው ሲገቡ ልጅቷ ከጣውላው ጀርባ ታስራ፣ አፏ ታፍኖ ተገኘች። ትተነፍሳለች። ሰውየውን ከእናትየው ሳሎን ያዙት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

«ጋሼ፣ ምን በደልንህ?» አለችው እናትየው።

«የወንድሜ ቤት የሹፌር ሲሳይ ይሁን?» አለ፣ ቀና ሳይል።

አባትየው ቤቱን ለልጁ ነበር የተናዘዘው። አጎትየው ልጅቷ ከማግባቷ በፊት ካርታውን ከእናትየው ተቀብሎ፣ ልጅቷን አስፈራርቶ ሊያስፈርማት ቸኩሏል።

መርማሪዋ ልጅቷን ማን እንደያዛት አውቃ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ፊቱን ሸፍኖ ነበር» አለች ልጅቷ፣ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ። «ገና ሲስል ነው ያወቅኩት። ማወቄን ካወቀ ይገድለኛል ብዬ፣ ‹ጌታዬ፣ ማን ነህ?› እያልኩ ስለምነው ዋልኩ።»