አዲስ ሸራ በየካ ቁልቁለት

የመገናኛው ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ ሰገነት በደመወዟ የገዛችውን የተራራ ብስክሌት እየነዳች ከእንጦጦ ወደ የካ ሚካኤል ስትወርድ ፍሬኑ ጮኸ እንጂ አልያዘም። ያቆማት የመንገዱ ዳር ቁጥቋጦ ነው።

ሽቅብ ይወጣ የነበረ ብስክሌተኛ ሮጦ አነሳት። ቤኪ ይባላል፤ የሲ.ኤም.ሲ ልጅ ነው። ደህና መሆኗን ካየ በኋላ አጎንብሶ የፍሬኑን ዲስክ በጣቱ ነካና አሸተተው።

«ይሄን ማን ቀባው?»

«እናቴ ትሆናለች» አለች አፍራ።

እናቷ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ልጃቸው ቁልቁለት በወረደች ቁጥር ነፍሳቸው አብራት ትወርዳለች። ስለዚህ ብስክሌቱን ከጎማ እስከ መሪ ቅባ ቅዱስ ቀብተውታል። ቤኪ ይህን ሲሰማ አልሳቀም። ዓይኗ ውስጥ የገባው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን የፍሬን ሸራ አዲስ ገዝቶ መጣ። ዲስኩን በአልኮል ወልውሎ ሸራውን ቀየረና ለስለስ ያለ ቁልቁለት መረጠ።

«አዲስ ሸራ ወዲያው አይዝም፤ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ፍጠኚ፣ ከዚያ ፍሬኑን ቀስ እያልሽ አጥብቂው። ልትቆሚ ስትይ ልቀቂው።»

«ድርቅ አድርጌ ባቆመውስ?»

«የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ አንድ ቦታ ይለጠፍና ሁሌ ሲያንቀጠቅጥሽ ይኖራል።»

ወረደች፤ ያዘች፤ ለቀቀች። እየገፋች ተመልሳ ደገመችው። የጋለ ሸራ ሽታ መጣ፤ ፍሬኑም እየነከሰ ሄደ። ቤኪ አጠገቧ ይወርዳል፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ሁለቱም መንገዱን ይረሱታል። ፍሬኑ ጥርት ብሎ ከያዘ በኋላ እንኳ «አንዴ ልድገመው» አለች። እሱም እንደማያስፈልግ እያወቀ «ይሻላል» አላት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አብረው ወጡ። ወደደችው፤ ሳትግደረደርም ነገረችው። የቀሩት እናቷ ነበሩ። ቤኪ ጴንጤ መሆኑን ከሰሙ ጀምሮ ስሙን እንኳ ቤት ውስጥ አያስጠሩም። ሰገነትም ብስክሌቱን ከቅባው ለማሸሽ መሥሪያ ቤቷ እያሳደረች ሰነበተች።

ቤኪ ግን እናቷን ካላናገርኩ አለ።

«ሸራው ከፋብሪካው የተበላሸ ነበር በላት» አለችው በሩ ላይ። «ቅባውን ካነሳህባት አለቀልን።»

«ነገ እንደገና ብትቀባውስ?»

በሩን ከፈተችለት። ገቡ።

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ቁጭ በል አላሉትም። እሱም ቆሞ ተናገረ፤

«እትዬ፣ ፍሬኑ ቅባት ከነካው አይዝም። ሰገነት የወደቀችው በዚያ ነው። መሪውን፣ ኮርቻውን ይቀቡላት። ዲስኩን ግን እባክዎ አይንኩት።»

ሰገነት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«እኔ ነኝ የጣልኳት?»

«አዎ እትዬ። ስለሚሳሱላት ነው።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ቁጣዬን ፈርተሽ ዝም አልሽ። ይሄ ልጅ ግን ከኔ ቁጣ ያንቺ መውደቅ ባሰበት።» ነጠላቸውን አስተካከሉና ቤኪን ትኩር ብለው አዩት። «የሃይማኖቱን ነገር ገና እንጨቃጨቃለን፤ አልለቅህም። አባትህ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ሲልኩ ቤቱ እንዳይጠፋቸው ደህና አድርገህ ንገራቸው።»

ሰገነት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳቋ ግን ከጀርባዋም ይታይ ነበር።