መሐላ የሌለበት ማመልከቻ

«ይሄን አንብቦ ያላለቀሰ ሰው፣ ሰው አይደለም» አለ የልጅቷ ወንድም፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እሷ እያዞረ።

ወንድሟ የጽሕፈት ሱቅ አለው። የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ስለሚውል የትኛው ቃል አንጀት እንደሚበላ ጠንቅቆ ያውቃል። የሳይንስ ኮሌጁ እህቱን የጠየቃት «ሳይንስን ለምን ወደድሽ?» ብሎ ነበር። እሱም እህቱ እናታቸው በሞተችበት አልጋ አጠገብ ቆማ፣ ለበሽታው መድኃኒት ልታገኝለት እንደማለች አድርጎ ጻፈላት።

ልጅቷ ስታነበው ሆዷ ባባ። አጻጻፉ ያምራል፤ ችግሩ እሷ እንደዚያ ብላ አለማወቋ ነው።

በዚያ አልጋ አጠገብ ቆማ ስታይ የዋለችው ለእናቷ የተሰቀለላትን ግሉኮስ ነው። ጠብታው ተንጠልጥሎ ይወፍራል፣ ይወፍርና ይወድቃል፤ ቀጣዩም ልክ እንደዚያው። ማን ለክቶት ነው እኩል የሚሆነው? ከቀብሩም በኋላ ቆርቆሮ በሚስማር እየበሳች፣ ውኃውን አንዴ አሙቃ አንዴ ሳሙና ጨምራ ስታንጠባጥብ ከረመች። ሳሙና ሲገባበት ጠብታው ያንሳል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም። ደስ ይላት ነበር፤ በሐዘን ቤት ደስ ማለቱ ደግሞ ያሳፍራት ነበር።

ለማንም ያልተነፈሰችውን ይህን ነገር ለወንድሟ ነገረችው። ፊቱ ተለወጠ።

«እማዬ እያጣጣረች፣ አንቺ ጠብታ ታዪ ነበር?»

«አዎ።»

ይህን ከጻፈች ጨካኝ እንደሚሏት፣ ኮሌጁም ሁለተኛ ማመልከቻ እንደማይቀበል አስታወሳት። ልጅቷም ይህን አጥታው አይደለም። ከዚህ ኮሌጅ ሌላ የምትፈልገው ቦታ የላትም፤ ትናንት ማታ እንቅልፍ የነሳትም እሱው ነው።

«እማዬ ታውቅ ነበር?» አላት ወንድሟ።

«ምን ላይ እንደፈዘዝኩ ጠየቀችኝ። ስነግራት፣ ‹ታዲያ ነርሷን አትጠይቂያትም?› አለችኝ።»

ወንድሟ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። አነጋገሩ ቁርጥ የእናታቸው ነበር። ከዚያ ከወንበሩ ተነሣላት።

«አሁንም ኮሌጁ ትገቢያለሽ አልልም» አለ።

ልጅቷ ተቀምጣ መሐላውን እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ አጠፋችው። በምትኩም የጠብታውን ነገር ጻፈች።

«የፊደል ስሕተት ካለው አርምልኝ» አለችው፤ «ሌላ ግን ምንም እንዳትጨምርበት።»