በአንድ ቃል ላይ የተላከከ ሞት

መርማሪዋ ወደ ፕላስቲክ ፋብሪካው ስትጠራ የሟቹ አስከሬን ሆስፒታል ገብቷል፤ ጥፋተኛዋም ተመርጣ አልቃለች። የፋብሪካው ባለቤት አሮጌ ሳፋና ጀሪካን የሚፈጨው አዲሱ ማሽን ውስጥ የተቀረቀረ ነገር ሊያወጣ ጎንበስ ሲል ማሽኑ ተነስቶ ገድሎታል። ለሞቱ ምክንያት የሆነችው፣ እንደተባለው፣ የገዛ ልጁ ናት።

የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም መዝገበ ቃላት ዘርግቶ ጠበቃት። የማሽኑን የእንግሊዝኛ መመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰችው ልጅቷ ነበረች። መመሪያው ማሽኑን ከመክፈትህ በፊት «አይሶሌት» አድርግ ይላል፤ ኃይሉን ቁረጥ ማለት ነው። እሷ «ኢንሱሌት» ከሚለው ጋር አምታታችው፤ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት «ገመዱን በማይነዝር ነገር ሸፍን» ብላ ጻፈች። ሁለቱም ሰውን ከኤሌክትሪክ ስለመጠበቅ የሚናገሩ ቃላት ናቸውና የሚያምታታቸው ብዙ ነው።

«ወንድሜ የልጁን ወረቀት አምኖ ኃይሉን ሳይቆርጥ ገባ» አለ አጎትየው። «ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። ተሳሳትኩ ብላ ትፈርም፣ ፋይሉም ይዘጋ።»

መርማሪዋ ይህን ዓይነት ርኅራኄ አትወድም። ሰው በገዛ ቋንቋው ሲሳሳት አፉን አዳለጠው ይባላል። በእንግሊዝኛ ሲሳሳት ግን ድንቁርናው ተገለጠ ተብሎ ይሳቅበታል፤ ከዚያ በኋላ የማንም ጥፋት ቢጫንበት የሚጠይቅ የለም። ባልደረቦቿ «እንቅፋት» የሚሏት እንዲህ ተሰናድቶ የመጣ ፋይል አልዘጋም ስለምትል ነው።

ልጅቷን መጋዘን ውስጥ አገኘቻት። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ትለምናታለች፤ አጎትሽ እስር የለውም ብሏል፣ ፈርሚና ይለቅልን ትላለች። ልጅቷ አላለቀሰችም።

«ቃሉን አምታትቻለሁ። መዝገበ ቃላት መግለጥ ሲገባኝ አውቀዋለሁ ብዬ አለፍኩት። ስህተቴን እቀበላለሁ፤ የአባቴን ሬሳ ግን አታሸክሙኝም። አባቴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ማሽን ሲፈታ የኖረ ሰው ነው።»

መካኒኩም ይህንኑ አረጋገጠ። ሟቹ እጁን ማሽን ውስጥ ከማስገባቱ በፊት የማስነሻ ቁልፉን አጥፍቶ ይነቅልና ደረት ኪሱ ይከተዋል፤ ይህን ያላደረገ ሠራተኛ ይባረር ነበር። የዚያን ቀን መካኒኩ ጩኸት ሰምቶ ሲሮጥ አጎትየው ቀድሞት ማሽኑን ሲያጠፋ ደረሰ። ሟቹ በቅርቡ ፋብሪካውን የምትመራው ልጁ እንደሆነች ለሠራተኛው መናገሩንም መካኒኩ አልደበቀም።

«አጎትየው ምን አለ ታዲያ?» አለችው መርማሪዋ።

«ጋሼማ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ፊቱ ግን ሎሚ የመጠጠ ይመስል ነበር።»

አጎትየው እንዴት እንዳጠፋው ስትጠይቀው ቁልፉን አዙሮ መንቀሉን ተናገረ፤ ቁልፉንም አስረከባት። ትርፉ ቁልፍ ካዝናው ውስጥ እንዳለ፣ ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ ወጥቶ እንደማያውቅ ጨመረላት። እሷ ጎንበስ ብላ የማሽኑን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ከዚያ ሆስፒታል ሄዳ የሟቹን ልብስ ጠየቀች።

ስትመለስ አራቱንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ወረቀቱን ታዞ ቢሆን ገመዱ ላይ አንድ ነገር ይጠመጠም ነበር» አለች። «ምንም የለበትም። ስለዚህ የሠራው በራሱ ልማድ ነው።» ከኪሷ ቁልፍ አወጣች። «ይህ ከደረት ኪሱ የተገኘ ነው። ኃይሉን ቆርጦ ነው የገባው።»

እናትየው አፏን ያዘች።

«ይህ ደግሞ እርስዎ የሰጡኝ ነው።» ሌላውን ቁልፍ ለአጎትየው አሳየችው። «ማሽኑ ያለው ሁለት ቁልፍ ነው። አንዱ ሟቹ ኪስ ከነበረ ማሽኑ የተነሳው በትርፉ ነው። ትርፉ ካዝናዬ ውስጥ ነው ብለዋል። እንክፈተዋ።»

የካዝናው መክፈቻ ቤቴ ነው አለ አጎትየው።

«እንጠብቃለን» አለችና ወንበር ሳበች።

አጎትየው ወደ ግድግዳው ወረቀት ጠቆመ። «ስህተቱ እኮ አለ። ራሷ አምናለች።»

«አለ። የተደበቁበትም ስላለ ነው። መካኒኩ ባይደርስብዎ ኖሮ ኪሱ ውስጥ ያለውንም ይወስዱት ነበር።»

አጎትየው ወደ ልጅቷ ዞረ፤ «ይህን ቤት ያቆምኩት እኔ ነኝ። ለትናንት ልጅ ሰጣት» አለ። ፖሊሶች መጥተው ሲወስዱት መዝገበ ቃላቱ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

መካኒኩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለወደፊቱ ትርጉሙ እንግሊዝኛ በደንብ ለሚያውቅ ሰው ቢሰጥ አይሻልም ወይ ሲል በትሕትና ጠየቀ።

«የምተረጉመው እኔው ነኝ» አለች ልጅቷ። «ስህተት ስታገኙ ንገሩኝ፣ አርማለሁ። ገዳይ ስትፈልጉ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።»

እናትየው ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ወዲያው አልተጠጋቻትም።