ጣሪያዋን ለብሳ ትምጣ

«ያንን ደመና አየሽው?» አሉ አያቷ፣ አንድ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ወደ ኮረብታው እየጠቆሙ።

ፌንጣ አይታዋለች። ከጠዋት ጀምሮ ከእሱ በቀር ሌላ ነገር ያየች አይመስላትም። መጀመሪያ መሀረብ ያህል ነበር። ቁርስ በልተው ሲነሱ አንሶላ አከለ። አሁን ደግሞ ሆዱ ጠቁሮ፣ ወገቡ ሰፍቶ፣ እነሱ ወደሚሄዱበት ወገን ቀስ እያለ ይንከባለላል።

«ይበተናል አባባ» አለች። «ነፋስ አለ።»

«ባይበተንስ ምን ቸገረን? ጣሪያ አለን!» ብለው ሳቁ፤ የመኪናዋን በር ከውጭ በኩል በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት።

ፌንጣ ዓይኗን ወደ ደመናው መለሰች።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ በዕድሜ የፌንጣን እናት የምትበልጥ ቀይ የስፖርት መኪና ናት። አያቷ ዕድሜ ልካቸውን የሰው መኪና ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ናቸው። ጡረታ እንደወጡ ይህችን ብረቷ የዛገ፣ ወንበሯን አይጥ የጨረሰው ጉድ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ አስጎትተው አመጡና ስድስት ዓመት ሙሉ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖሩ። ዛሬ ሞተሯ ድምፁ ያምራል፤ እሳቸው ግን አይቸኩሉባትም። «ስልሳ ላይ ትዘፍናለች፣ ሰማንያ ላይ ታለቅሳለች» ይላሉ። ስለዚህ በስልሳ ይሄዳሉ። የደረሰባቸው ሁሉ ጥሩንባ እየነፋ ያልፋቸዋል። ቅድም ጣሪያዋ ታጥፎ ያያት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባት! የቀረውን ግማሽ መቼ ነው የሚሰሩት?» ብሎ ቢጮህባቸው፣ «አንተ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀቅለህ በኛ ትስቃለህ?» ብለው መለሱለት። ሹፌሩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሄደ።

በሌላ ቀን ቢሆን ፌንጣም ሆዷን ይዛ በሳቀች ነበር። ፌንጣ ያሏት አያቷ ናቸው፣ በእግሯ ርዝመት። ያ እግር ዛሬም ከዳሽቦርዱ ሥር አልበቃ ብሎ ጉልበቷ አገጯ ሥር ደርሷል። ይህን ጉዞ ስድስት ዓመት ጠብቃዋለች። ብሎን ስታቀብል፣ ፋኖስ ስትይዝ፣ ቀለም ስትፍቅ ያደገችው ለዚህች ቀን ነው። አሁን ግን ቶሎ ባለቀ ትላለች።

የሚሄዱት ሐይቁ ዳር ወዳለችው ከተማ ነው፤ ወደ ጋሼ መርፌ ቤት። ጋሼ መርፌ የመኪና ወንበርና ሸራ ሰፊ ናቸው፤ ከአያቷ ጋር አንድ ጋራዥ ውስጥ አርባ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። የዚህችን መኪና ጥቁር የሸራ ጣሪያ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር አፍንጫቸው ሸራውን እስኪነካ አጎንብሰው ነው የጨረሱት። ከዚያ በኋላ ጓዛቸውን ጠቅልለው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ባለፈው ሳምንት አያቷ ደውለው «ልናሳይህ ነው የምንመጣው» ሲሏቸው፣ በስልኩ ውስጥ ያ ሻካራ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፦ «ደጄ ላይ ስትደርስ ጣሪያዋን ለብሳ ትምጣ።»

ችግሩም ይኸው ጣሪያው ነው።

ሐሙስ ጠዋት አያቷ ዘይት ሊገዙ እንደወጡ፣ ሬዲዮ የምትባለው የክፍሏ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። አፏ ስለማይዘጋ ነው ሬዲዮ የተባለችው። «ወይኔ! ነፍስ የሆነች መኪና! ጣሪያውን አውርጂው፣ ፎቶ እንነሳ» አለች።

«አባባ ሳይኖር አይሆንም።»

«ባክሽ አታካብጂ! ሁለት ደቂቃ ናት።»

ፌንጣ ደንቡን ታውቃለች። ከኋላ ያለው መስኮት መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ጣሪያው ከመታጠፉ በፊት ዙሪያውን ያለው ዚፕ ይከፈታል፣ ፕላስቲኩ ንጹሕ ፎጣ ላይ ይተኛል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሸራው የሚታጠፈው። በብርድ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ አይነካም፤ ፕላስቲኩ ፀሐይ እስኪያሞቀው ይጠበቃል። ይህን አያቷ ሃያ ጊዜ ነግረዋታል። የዚያን ዕለት ጠዋት ይበርድ ነበር። ሬዲዮም ስልኳን ደግና «ቶሎ በያ!» ትላለች። ፌንጣ ሁለቱን መቆለፊያዎች ፈትታ ጣሪያውን ወደ ኋላ ገፋችው።

ቋ!

ፕላስቲኩ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። አንዱ ጠርዝ ላይም ስፌቱ ሸራውን ይዞ ተተርትሯል። ሬዲዮ ስልኳን ኪሷ ከታ ወጣች። ፌንጣ ዚፑን ከፈተች፣ ፎጣውን አነጠፈች፣ ሁሉን እንደ ደንቡ አጥፋ የጣሪያውን መሸፈኛ ከላይ ቆለፈችበት። አያቷ ተመልሰው ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ለጉዞው አዘጋጀሽልኝ? የኔ ጎበዝ!» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ያ የተሳመው ግንባሯ እስከ ዛሬ ያቃጥላታል።

የመጀመሪያው ጠብታ የፊት መስታወቱ ላይ ጠብ አለ። ሁለተኛው አፍንጫዋ ላይ።

«እንግዲህ መጣልን!» አያቷ መንገዱን ለቀው ዳር ያዙ። እንደ ልጅ ዘለው ወረዱ፣ መሸፈኛውን ፈቱ፣ ጣሪያውን ጎትተው ከፊት ቆለፉት። ፌንጣ በበኩሏ ጎንበስ ብላ ዚፑን ዘጋች። ተንደርድረው ገቡና በሩን ዘጉ። ወዲያው በስንጥቁ በኩል ቀዝቃዛ ውሃ በማጅራቷ ገብቶ በጀርባዋ ወረደ።

አያቷ ዞር ብለው አዩ። ስንጥቁንም አዩ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል።

«ሐሙስ ዕለት ስታጥፊው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዚፑን ከፍተሽ ነበር፣ አይደል?»

እውነቱ እምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «አዎ» የሚለው ነው።

አላፈጠጡባትም፤ አልጠረጠሯትም። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። «አንቺማ ታውቂበታለሽ። እንዲያው ለነገሩ ነው የጠየቅኩሽ።» ጣታቸውን በተተረተረው ጠርዝ ላይ አስኬዱ። «መርፌ ነው። ዓይኑ ከድቶት ፕላስቲኩን አሳጥሮ ሰፍቶታል፤ ሲታጠፍ ከልኩ በላይ ተወጠረ። ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ‹አይታየኝም፣ ለሌላ ሰው ስጠው› እያለ ሲለምነኝ፣ ያላንተ እጅ አይሆንም ብዬ በግድ አሠራሁት።»

«አባባ…»

«በረደሽ እንዴ?» ጃኬታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉ። «ስሚኝ፣ ሳንደርስ ጣሪያውን እናወርደዋለን። ፀሐይ ወጥቶ ነው እንለዋለን። እንዳትነግሪው። የመጨረሻ ሥራው ነው፤ ልቡ ይሰበራል።»

ዝናቡ ሲያባራ፣ ከተማዋ ሳይገቡ ቆመው ጣሪያውን አወረዱት። ጃኬቱ ግሪስና ሳሙና ይሸታል። ፌንጣ ውስጡ ተሸሽጋ፣ ያቺን አንድ ቃል በሆዷ ስታገላብጥ ሐይቁ መታየቱንም ልብ አላለችው።

ጋሼ መርፌ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። በደረት ኪሳቸው የመርፌዎቻቸው የቆዳ ቦርሳ ጫፉ ይታያል፤ ጋራዥ ሳሉም ከዚያ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ሞተሩ ሲጠፋ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

«አንተ ሽማግሌ! ሳትገለበጥ ደረስክ?»

«አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!»

ተቃቅፈው ተሳሳቁ። ከዚያ ጋሼ መርፌ መኪናዋን በእጃቸው ማየት ጀመሩ፤ ኮፈኗን፣ መብራቷን፣ የበሯን ጠርዝ። እጃቸው ከበሩ አልፎ ባዶ አየር ሲይዝ ቆም አሉ።

«ጣሪያዋስ?»

«ፀሐይ ወጣ ብለን አወረድናት» አሉ አያቷ፣ ድምፃቸው ትንሽ ከፍ ብሎ።

«ፀሐይ? ዝናቡ እኮ አሁን ነው ያባራው። የቤቴ ቆርቆሮ እስኪበቃው ሲንጫጫ ነበር።»

ጋሼ መርፌ እጃቸውን ከመኪናዋ ላይ ቀስ ብለው አነሱ።

«ገባኝ» አሉ። «ነግሬህ ነበር እኮ፣ አይታየኝም ብዬ።»

«ኧረ ተው! ምንም አልሆነም…»

«አትዋሽ፤ ድሮም አትችልበትም።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። የቆዳ ቦርሳዋን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በሩ ላይ ለቆመችው ልጃቸው ዘረጉላት። «እንኪ እናቴ፣ ይህችን የሆነ ቦታ አስቀምጪልኝ። ጎረቤታችን ሶፋዬን ለስፌት ልላክልዎ ወይ ሲል አልነበር? ሌላ ሰው ይፈልግ በይው። በሉ ግቡ፣ ሻይ ይቀዘቅዛል።»

ሦስቱም ወደ ቤት መራመድ ጀመሩ። ጋሼ መርፌ የልጃቸውን ክንድ ይዘዋል። ቅድም መኪናዋ ስትመጣ ያልያዙትን ክንድ።

ፌንጣ ግን ከመኪናዋ አልራቀችም። የአያቷን ጃኬት አውልቃ ወንበሩ ላይ አኖረችው። መሸፈኛውን ፈታች። ብቻዋን ጣሪያ አንስታ አታውቅም፤ እርጥቡ ሸራ ከብዷታል፣ ብረቱ አንድ ጊዜ ጣቷን ነክሷታል፤ ቢሆንም ጎትታ አመጣችው። መቆለፊያዎቹ ጠቅ፣ ጠቅ ሲሉ ከፊት የነበሩት ሁሉ ዞር አሉ።

«ጋሼ መርፌ» አለች። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። «እጅዎን ይስጡኝ።»

«ፌንጣ!» አሉ አያቷ።

አላየቻቸውም። ካየቻቸው እንደማትጨርሰው ታውቃለች። የሽማግሌውን እጅ ይዛ መጀመሪያ ዚፑ ላይ አኖረችው። «ይህ ተዘግቶ ነበር፣ ስገፋው። ሐሙስ ዕለት። እኔ ነኝ። አባባ ሲጠይቁኝ ከፍቻለሁ ብዬ ዋሸኋቸው።»

ያ እጅ ዚፑን ተከትሎ ሄደ፣ ስንጥቁ ላይ ወጣ፣ የተተረተረውን ጠርዝ አገኘ፣ እዚያም በአውራ ጣቱ ክሩን ደጋግሞ ዳበሰው።

«ጠዋት ነበር?»

«ጠዋት። ብርድ ነበር።»

«ቋ አለ?»

«አዎ።»

ጋሼ መርፌ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «ልኩን አልሳትኩም ማለት ነው» አሉ፣ ለራሳቸው ብቻ። ወደ ልጃቸው ዞረው እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጃቸውም ቦርሳዋን መለሰችላቸው። «ፕላስቲኩ አይድንም፣ ይቀየራል። ጠርዙን ግን ዛሬውኑ እንይዘዋለን። አንቺ፣ ዓይንሽ ደህና ነው አይደል? ክር አስገቢልኝ።»

ወፍራም መርፌና ጥቁር ክር መዳፏ ላይ አኖሩላት። ከኋላዋ የአያቷ ጫማ ጠጠሩ ላይ ሲንቀሳቀስ ሰማች፤ ቀረብ አሉና ቆሙ። ክሩ መጀመሪያ ሳተ። ጫፉን በምላሷ አርጥባ ደገመችው፤ እንደገና ሳተ።

በሦስተኛው ገባ።

መርፌውን ለጋሼ መርፌ ሰጠችና፣ ቀና ብላ ወደ አያቷ ዞረች።