አጎቴ መኪናው ውስጥ ናቸው

ውሸታም ነኝ። ቤተሰቤም ሰፈሩም ያውቀኛል። ይሄኛው ግን እውነት ነው... ዛሬ የደረሰብኝ ነው፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ማክሰኞ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ቦታው የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት ነው። ዙሪያውን በረጅም ግንብ የታጠረ፣ አንድ የብረት በር ብቻ ያለው ሰፊ ግቢ።

የሄድኩት የአጎቴን መኪና በስሜ ላዞር ነበር።

አጎቴ ከሞተ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ጋሼ ነበር የምለው። አንዲት ሴት ልጅ አለችው። መኪናዋ በሕግም በሕሊናም የእሷ ናት።

ግን ጋሼ አልጋ ላይ ሳለ፣ ለመኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ እንድሮጥለት ብሎ ውክልና ሰጥቶኝ ነበር። ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ይህን አላጣሁትም። ወረቀቱን ግን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

መሞቱን ማን ይነግርብኛል? ብዬ።

በሩ ላይ ዘበኛው ታርጋውን መዝግቦ የመግቢያ ወረቀት ሰጠኝ። አየሁት።

"የሰው ብዛት፦ 2" ይላል።

"ብቻዬን ነኝ እኮ" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ ሳቀ።

"ቀልደኛ ነህ። እለፍ፣ ከኋላህ ሰልፍ አለ።"

ፀሐይ መትቶታል ብዬ ገባሁ።

ውስጥ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሠራተኛ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ገለጠች። ሊብሬው... ውክልናው... በእርሳስ ተፈግፍጎ የተነሳው የሻንሲ ቁጥር...

"ባለንብረቱ በሕይወት አሉ?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "አሉ፣ እግዜር ይመስገን" አልኳት።

"እንግዲያው ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ። ስም ሲዞር በውክልና መፈረም ቀርቷል።"

ደግሞ ለመመለስ ልቤ እንቢ አለኝ። ያን ጊዜ የዘበኛው ስህተት ትዝ አለኝ። ሲሳይ መሰለኝ!

"አጎቴ መኪናው ውስጥ ናቸው" አልኩ። "እግራቸውን ስለሚያማቸው መውረድ አይችሉም።"

የመግቢያ ወረቀቱን ዘረጋሁላት። ሁለት ሰው።

ታዝንልኝና ታልፈኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቅጹንና እስክሪብቶዋን ይዛ ተነሳች።

"ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም? ለታመመ ሰው እኛ እንወርዳለን።"

"አይ... እኔው ላስፈርማቸው..."

"አንተ ቁጭ በል።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ተቀመጥኩ።

በመስኮቱ አያታለሁ። ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ጋቢናው ጋ፣ ከሾፌሩ ተቃራኒ ባለው መስኮት ጎንበስ አለች። አሁን ቀና ብላ ትጮሃለች... አሁን ፖሊስ ትጠራለች... እያልኩ ላብ በላብ ሆንኩ።

አልጮኸችም።

ሳቀች። ቅጹን በመስኮቱ አሳለፈች። ትንሽ ጠበቀች። መልሳ ተቀበለች።

"ደስ የሚሉ ሰው ናቸው" አለችኝ ተመልሳ። "እጃቸው ግን በዚህ ሙቀት እንዴት እንደዚያ ይቀዘቅዛል?"

ቅጹን አየሁት።

የጋሼ ፊርማ ነው። ከስሩ ሁለት ጊዜ ያሰምርበት ነበር፤ ተሰምሮበታል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ክው አልኩ።

"እህቴ..." አልኩ በሹክሹክታ። "አጎቴ ሞቷል።"

"ምን አልክ?"

"ስድስት ሳምንት ሆኖታል። እኔ ራሴ ነኝ የቀበርኩት።"

ግራ ቀኝ አየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ስማኝ። አሁን በእጄ ያስፈረምኩትን ሰው ሞቷል ብትል፣ ወይ አንተ ትታሰራለህ ወይ እኔ። እኔ ልጆች አሉኝ።"

ማኅተሙን አሳረፈችበት።

"በል ውሰዳቸው። ደክሟቸዋል።"

ወደ መኪናዋ አልሄድኩም። ቀጥታ ወደ በሩ በእግሬ ገሰገስኩ። መኪናም ሊብሬም ገደል ይግባ!

ዘበኛው ክንዱን ዘረጋብኝ።

"መኪናውስ?"

"ነገ እወስዳታለሁ።"

"ሽማግሌውን በዚህ ሐሩር ዘግተህባቸው? አንተ ሰው አይደለህም እንዴ?"

"ማንም የለም! ና እይ!"

"አይቻለሁ" አለ፣ ፈገግታው ጠፍቶ። "ሁለት ሆናችሁ ገብታችኋል፣ ሁለት ሆናችሁ ትወጣላችሁ።"

ሰዎች ዞረው ያዩኝ ጀመር። እውነቱን ብናገር እስር ነው። ዝም ብል... መኪናዋ አለች።

እስከ በሩ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ነድቼ ልውጣና መንገድ ላይ ትቻት ልሩጥ አልኩ። ወደ መኪናዋ ተመለስኩ።

በሩን ከፈትኩ። ማንም የለም።

ግን የጎኑ ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ እግሩ ረጅም የሆነ ሰው እንደሚያደርገው። ጠዋት ወደ ፊት የሳብኩት እኔው ነኝ።

ቀበቶውም ታስሯል። ባዶው ወንበር ላይ... ወጠር ብሎ።

ገባሁ። በሬን ዘጋሁ። ቁልፉን አዞርኩ።

ሞተሩ ተነሳ... ጠፋ።

የአራቱም በር መቆለፊያ አንድ ላይ ጠቅ አለ።

ብጎትት፣ ብገፋ፣ በትከሻዬ ብመታው አልከፈት አለኝ። መስታወቱን በጫማዬ ተረከዝ ደበደብኩት። ጭረት እንኳ አልወጣበትም። ሰዎች በአጠገቤ ያልፋሉ። ወደ ጎኔ እያዩ በአክብሮት ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔን ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም።

"ጋሼ..." አልኩ ወደ ፊት እያየሁ። ወደ ጎን ለመዞር ፈራሁ። "ጋሼ፣ ስስት ነው። ይቅር በለኝ። ለልጅህ እሰጣታለሁ።"

ለጋሼ ልጅ ደወልኩላት። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። መኪናዋን ልሰርቅሽ ነበር፣ ያንቺ ናት፣ የሞት ማስረጃውን ይዘሽ ድረሽልኝ አልኳት።

እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

"አጠገብህ የሚያስለው ማነው?"

እኔ ምንም አልሰማሁም።

"ማንም አያስልም..."

"አባዬ?" አለች። "አባዬ... አንተ ነህ?"

መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል፣ ብደውል አታነሳም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ደግሞ የማይገባኝን ልወርስ ነበር። ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያው ከሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ሠራተኞቹ ወጡ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ወጡ። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኛ ብቻ ነን።

አሁን ዘበኛው እየመጣ ነው። ጮህኩ፤ መስታወቱን ደበደብኩ።

በኔ በኩል አልመጣም። ዞሮ በዚያኛው በኩል ቆመ።

የመስኮቱ እጀታ ብቻውን መዞር ጀመረ... መስታወቱ ዝቅ አለ። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። አንድ ሁለቴ ራሱን ነቀነቀ።

"እሺ አባባ" አለ።

ሄዶ የግቢውን በር ከውጭ ዘጋው። ሰንሰለቱን ሲያስር ይሰማኛል።

እጀታው አሁን መልሶ እየዞረ፣ መስታወቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው... ቀስ እያለ።