ወደ ሔራን ቤት የተጠጋው ችካል

«ንጹሕ ከሆኑ ይማሉና እንገላገል!» አለ ሰላሙ፣ የመንገዱን ጉዳይ የያዘው የወረዳው ሠራተኛ።

አቶ ሚልኬሳ ጭቃው መሐል ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልምልም፣ ልጄ። ችካሉን አልነካሁትም ካልኩ አልነካሁትም ነው። ከዚያ ያለፈ ቃል የለኝም።»

«ኧረ አንድ ጊዜ እግዜርን ቢሉ ምን ይሆናሉ?» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ሰርክ። እትዬ ሰርክ ሽንኩርት ተወደደ ለማለት እንኳ ሦስት ታቦት የሚጠሩ ሰው ናቸው። አቶ ሚልኬሳ ግን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ «መጽሐፉ አትማሉ ብሏል» ካሉ አለቀ። በካራ ሰፈር ሳይምል የሚታመን ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ፤ እስከዚያ ሰኞ ጠዋት ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተማሪዋ በሔራንና በጓደኛዋ፣ በአቶ ሚልኬሳ ልጅ በኡርጂ ቤት መካከል ያለችው ኮረኮንች መንገድ ሰፊ አስፋልት ልትሆን ነው። ለዚህም በአቶ ሚልኬሳ በኩል ያሉት ቤቶች በሙሉ ይነሳሉ። በሌላኛው በኩል የሚቀሩት አንድ ረጅም የመጋዘን አጥርና የሔራን ቤት ብቻ ናቸው። ቀያሾቹ የመንገዱን መሐል በቀይ ችካሎች ምልክት አድርገውበት ነበር። ዛሬ መሣሪያቸውን ይዘው ሲመለሱ ግን አንደኛው ችካል ወደ ሔራን ቤት ተጠግቶ አገኙት።

«ወደዚያ ሲገፋ የማን ቤት ይተርፋል?» ሲል ጠየቀ ሰላሙ። የሁሉም ዓይን ወደ አቶ ሚልኬሳ በር ዞረ። «መቼም የራሱን ቤት የሚያስፈርስ ሰው የለም።»

ሔራን የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በራቸው ላይ ቆማ ከሰው ጋር አብራ ተገረመች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ችካሉን የነቀለችው እሷ ነበረች።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ሲያወርደው፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ ጃኬቷን ደርባ ወጣች። አፈሩ ርሶ ስለነበር ችካሉ ብዙም አላስቸገራትም። ወደ ቤታቸው አስጠግታ ተከለችውና በድንጋይ መታችው። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ መንገዱ የእነሱንም ቤት ከነካ እነሱም ይነሳሉ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር የምትክ ቤት ዕጣ ውስጥ ይገባሉ፣ ምናልባትም ከእነ ኡርጂ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ይደርሳቸዋል። መንገድ በችካል ብቻ የሚሠራ መስሏት ነበር። እናቷ ያን ቤት ለማቆም ስንት እንደደከመች አላሰበችም፤ ወይም አስባ ትታዋለች።

እናቷ ሒሩት መሀል ከተማ ነው የምትሠራው። ጠዋት ሔራን ሳትነሳ ትወጣለች፣ ከመሸ ትገባለች። በመካከል ያለውን ጊዜ ሔራን የምታሳልፈው እነ ኡርጂ ቤት ነው። የቤት ሥራዋን እዚያ ትሠራለች፣ ቅዳሜ ምሳዋን እዚያ ትበላለች። አቶ ሚልኬሳ ሲቆጡ እንኳ ሁለቱን ልጆች እኩል ነው የሚቆጡት። ያ ሁሉ ሲነሳ ከመጋዘኑ ዘበኛ በስተቀር «እንዴት ዋልሽ» የሚላት ሰው አይኖርም።

«ነገ የምትክ ቤት ዕጣ ይወጣል» አለ ሰላሙ። «ይሄ ጉዳይ ሳይጣራ የእርስዎ ስም አይገባም። ሌላው ይሄዳል፣ እርስዎ ይቆያሉ።»

ይቆያሉ! ሔራን ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት፤ ኡርጂ ልትቀር ነው። ወዲያው ግን አቶ ሚልኬሳ አንገታቸውን ደፍተው በሰው መሐል ወደ ቤታቸው ሲገቡ አየች። ማንም መንገድ አልለቀቀላቸውም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኡርጂን አልጋዋ ላይ ተኮራምታ አገኘቻት።

«ሰኞ ማታ እኛ ቤት ጸሎት አለ አይደል?» አለች ኡርጂ። «ዛሬ ሁሉም ምክንያት አገኘ። አንዱ አሞታል፣ አንዱ እንግዳ መጥቶበታል።»

«ግን እኮ… ብትቆዩስ ምናለበት?» አለች ሔራን። «አብረን እንሆናለን።»

«ሙድ ትይዢያለሽ እንዴ? አባዬን ውሸታም አሉት እኮ! አንቺ መቆየቱ ነው የሚታይሽ?» ኡርጂ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ? እኔ መሄድ እፈልጋለሁ። የራሴ ክፍል ይኖረኛል። ይሄን ጭቃ ጠግቤዋለሁ።»

እሷ ችካል እስክትነቅል ድረስ የፈራችውን ቀን ኡርጂ ስትናፍቀው ነበር። ይሄ ሔራንን ከሁሉም በላይ አመማት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቤት ገብታ መብራት ሳታበራ ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ የት ደረስሽ?»

«መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ሰልፉ አይጣል ነው።»

«ነገ ፈቃድ ብትወስጂስ?»

«ነገማ ስብሰባ አለብኝ፣ የኔ ቆንጆ። ምነው? አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«እና ምንድን ነው?» ሰልፈኛው ሲጋፋ ተሰማ፤ ታክሲ ሳይመጣ አልቀረም። «ቆይ፣ እደውልልሻለሁ።»

ሔራን ስልኩን ይዛ ጨለማው ውስጥ ተቀመጠች። ዝም ብትል ማንም አይጠረጥራትም። የራሱን ቤት የሚያስፈርስ ሰው የለማ።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት አልሄደችም። የወረዳው አዳራሽ ስትደርስ የሰፈሩ ሰው ተቀምጧል። ሰላሙ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ያሉበትን ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧል። አቶ ሚልኬሳ ስማቸው ባይኖርም መጥተዋል፤ ኡርጂን አስከትለው ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ።

ሔራን ወደ ፊት ሄደች። «ጋሼ፣ ችካሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የሒሩት። መጋዘኑ አጠገብ ያለው ቤት።»

ሰላሙ ፈገግ አለ። «ወደ ራሳችሁ ቤት ነው ያስጠጋሽው? ንገሪኝ፣ ማነው የላከሽ? አቶ ሚልኬሳ ናቸው?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሔራን ፊቷ ነደደ። ሊያድናቸው የመጣው ቃል ጭራሽ ሊያስራቸው ሆነ። ምክንያቱን ካልተናገረች ማንም አያምናትም፤ ምክንያቱን ደግሞ ለኡርጂ እንኳ ነግራት አታውቅም።

«ማንም አልላከኝም» አለች። «እናንተ ሁላችሁም ልትሄዱ ነው። እኔ… ሰው የለኝም። እኛም ተነስተን አብረናችሁ እንድንሄድ ብዬ ነው።»

ከፊት የነበሩ ሁለት ልጆች ሳቁ። እትዬ ሰርክ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «ወይኔ ልጄን!» አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሰላሙ ብጣሽ ወረቀት ቀደደና የአቶ ሚልኬሳን ስም ጻፈበት፤ ጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ ጣለው።

«ለእናትሽ እደውላለሁ» አላት። «አሁን መሄድ ትችያለሽ።»

አቶ ሚልኬሳ ከመቀመጫቸው ተነስተው ቆሙ። ኡርጂ ቀና ብላ አላየቻትም። ሰላሙ ካርቶኑን አነሳና ይነቀንቀው ጀመር።

በሩ ክፍት ነበር። ሔራን እስከ በሩ ሄደችና ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ባዶ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ኡርጂ የት እንደደረሳት ሳትሰማ አትሄድም።